የአገር ልጅ

ርእሰ መምህሯ ነገሩን በአጭሩ ጨረሰችው። ልጅቷ ወይ እዚሁ ትቀጥላለች፣ ወይ ከሰኞ ጀምሮ ከከተማው ዳር ወዳለው፣ አእምሯቸው ለዘገየ ልጆች ወደተከፈተው ትምህርት ቤት ትዛወራለች። እዚያ የገባ ልጅ ወደ መደበኛ ክፍል ሲመለስ ታይቶ አይታወቅም።

«በቋንቋዋ የምታናግሪያት አንቺ ብቻ ነሽ። ያንቺ ቃል ይበቃናል» አለቻት ረዳት መምህርቷን።

የረዳቷ ሥራ እንግሊዝኛ ያልገባቸውን ልጆች አጠገባቸው ተቀምጦ ማገዝ ነው። የምትሠራበት ክፍል ድሮ የኳስና የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ነበር፤ መስኮቱ ዛሬም አይገጥምም። ወንበሮቹ የልጅ ስለሆኑ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ጋር ሲላተም ይውላል። ሥራውን የጀመረች ሰሞን ለእያንዳንዱ ልጅ ታለቅስ ነበር። አሁን እንባዋ የት እንደገባ እንጃ፣ ሥራዋን ግን አታጓድልም።

ልጅቷን ያስመዘገበቻት አክስቷ ነበረች። የመጡበትን አገር ስም ተናግራ ሄደች፤ ብዙም ሳትቆይ ሥራ አገኘሁ ብላ ሌላ ከተማ ገባች። የአገሩን ስም ሲሰሙ ቢሮ ያሉት ሁሉ እፎይ አሉ፤ ረዳቷም ከዚያው አገር ናት። በይ፣ የአገርሽ ልጅ መጣችልሽ አሏት። ረዳቷ የዋና ከተማ ልጅ ናት፤ ከአገሯ ከወጣች ፀጉሯ እስኪሸብት ቆይታለች። ያም ሆኖ የአገር ልጅ ሲባል ሆዷ ትንሽ ባባ።

ልጅቷ ግን አልባባችም። ስምሽ ማነው? ዝም። እናትሽ ደህና ናት? ዝም። ርቦሻል? ዝም። የክፍሏ መምህር በእንግሊዝኛ፣ ረዳቷ በአገር ቋንቋ ቢለፈልፉ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ልጆቹ «ጭምቷ» ብለው ስም አወጡላት፤ ውሎ አድሮ መምህራኑም እውነተኛ ስሟን ረሱት። የስደቱ መንገድ ድንጋጤ ነው ተባለ። ረዳቷም በዚያ መንገድ መጥተው ዓመት ሙሉ አፋቸውን የዘጉ ልጆች ስላየች አልተከራከረችም።

ወራት አለፉና ጭምቷ አንድ ቀን አፏን ፈታች። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ቃል «በይ እንግዲህ» ነበር፣ ረዳቷ ደብተር በገለጠች ቁጥር የምትላት። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁማት። የረዳቷን አፍ አፍ እያየች ታወራለች። ሲከፋት እንደ ረዳቷ «ወይ ጣጣ» ትላለች፣ ደስ ሲላት «እሰይ የኔ ቆንጆ» ትላለች። ረዳቷ እኔን አክላ አረጀች ብላ ትስቃለች። አንድ ነገር ብቻ ይከነክናት ነበር፤ ልጅቷ «እርስዎ» ማለት አታውቅም። ታላቋን ሁሉ አንቺ፣ አንቺ። ሳያሳድጉ ነው የለቀቋት ብላ አለፈችው።

እንግሊዝኛው ግን ወይ ፍንክች። መምህሩ ሲናገር ፊቷን ወደ ረዳቷ አዙራ እሷ እስክትነግራት ትጠብቃለች።

ቁርጡ የሚታወቅበት ሳምንት ሲደርስ ረዳቷ የሥዕል ካርዶቿን አወጣች። እንግሊዝኛውን ትታ በአገር ቋንቋ ብቻ ጠየቀቻት። ማስመሪያ፣ ላጲስ፣ ጠመኔ፣ ደወል፣ ልጅቷ ቀለብ ቀለብ አደረገቻቸው። ቀጥሎ ትራስ መጣ።

ልጅቷ ካርዱን አገላብጣ አየችው። «የፍራሽ ልጅ» አለች በመጨረሻ። ስፖርት ክፍል የሚነጠፈውን ፍራሽ ማለቷ ነው።

ድስቱን ትኩስ ባልዲ አለችው። ብርድ ልብስ አላወቀችም። ምድጃ አላወቀችም። ሌሊት ተኝታ የምታድርበትን፣ እናቷ ስታበስል የምታየውን አታውቅም። ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ትራስን በአገሯ ቋንቋ ካላወቀች ምን ይባላል? ረዳቷ ካርዶቹን ሰበሰበች።

«ነገም እዚህ ነኝ አይደል? አንቺ ጋ?» አለች ልጅቷ። ፊቷ ላይ ፍርሃት ነበር።

ረዳቷ እናያለን አለቻት። ድሮ ቢሆን ታለቅስላት ነበር። ዛሬ ምንም አልተሰማትም፤ ምንም አለመሰማቱም አልገረማትም። ርእሰ መምህሯ ቢሮ ገብታ «በራሷም ቋንቋ የሦስት ዓመት ልጅ ናት» አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ። ለእናትየው እንድትነግር የታዘዘችውም እሷው ናት።

እናትየው የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ስለምትውልና ልጅቷም በአውቶቡስ ስለምትመላለስ፣ ትምህርት ቤቱን ረግጣው አታውቅም። አርብ ዕለት መጣች። እጇ በውሃ ብዛት አብጧል። ሰላምታውን አንገቷን ሰበር አድርጋ ተቀበለች። ረዳቷ ከትንሿ ወንበር አስቀመጠቻት። ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳዘለች መሃላቸው ቆመች።

«እህቴ፣ እንግዲህ ቻይው» ብላ ጀመረች ረዳቷ። የልጅሽ አእምሮ ወደ ኋላ ቀርቷል አለቻት። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ አውቶቡስ መጥቶ ይወስዳታል፣ እዚያ እንደ እሷ ያሉ ልጆች አሉ፣ አትጨነቂ አለቻት። እናትየው በየመሃሉ ራሷን ትነቀንቃለች። ፊቷ ላይ ድካምና የሆነ ፈገግታ አለ። እሺ ባይ ናት፣ ተገላገልኩ አለች ረዳቷ በሆዷ። ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች።

ንግግሩ ሲያልቅ እናትየው ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ አንሾካሾከችላት። ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ረዳቷ ዞረች።

«እናቴ እንዲህ ትላለች፦ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ግን ልጄን በአንድ ዓመት እንዲህ አድርገሽ እንግሊዝኛ ስላስተማርሽልኝ አመሰግናለሁ።»