ጉርድ ፎቶ

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አንድ እፍኝ ጉርድ ፎቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈና፣ «ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ለእንግዳ መቀበያ የሚሆኑትን ይምረጡልኝ» ብሎ በሩን ዘግቶ ቆመ።

የሆቴሉ ቅጥር ኃላፊ የዓመታት ክሬም ባቀላው እጇ ለየቻቸው፤ ቀዮቹን ወደ ፋይል፣ ጥቋቁሮቹን ወደ ቅርጫት። ፊት አይታ አታውቅም፤ ቀለም ይበቃታል።

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ ከቅርጫቱ አንዷን አወጣ። «ይቺስ?»

ገረፍ አድርጋ አየቻት። «ኧረ ጌታዬ! እንግዳ ታስበረግጋለች፤ ጓዳ ገብታ ዕቃ ትጠብ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሃያ ዓመት የሠራሁበት ነው።»

«እንግዲያው ከጀርባው ያለውን ስም ያንብቡልኝ።»

ገለበጠችው። የእጅ ጽሑፉ የገዛ ራሷ ነው፤ «እልፍነሽ ጓንጉል፣ ለቅጥር፣ 1997 ዓ.ም.»