በቦዩ ላይ አንድ ሰዓት

ማንደፍሮ ከቶሮንቶ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ አምስተርዳም ላይ የሚቆየው ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር። ታናሽ እህቱ ሳያት ከከተማዋ ዳርቻ፣ ከምትኖርበት ከዲመን መጥታ ከአየር ማረፊያው ይዛው ወጣችና በቀጥታ ወደ ቱሪስት ጀልባ ወሰደችው። ከተለያዩ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

ጀልባዋ ቦዩ ላይ መንሸራተት ስትጀምር ሳያት አፏ አላረፈም። «ያ ቤት ወደ ፊት ያዘነበለው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ጋሼ? ዕቃ በገመድ ወደ ፎቅ ሲጎትቱ ግድግዳውን እንዳይመታ ነው።» ማንደፍሮ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማታል፤ የሚያየው ግን ቤቱን ሳይሆን እሷን ነበር። ትቷት የሄደው የተማሪ ዩኒፎርም እንደለበሰች ነው፤ አሁን ጆሮ ግንዷ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎባታል።

አስጎብኚው ማይክሮፎኑን አንሥቶ፣ «በዚህ ጀልባ ሲሄድ የመጀመሪያ ጊዜው የሆነ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ማንደፍሮ እጁን አወጣ። ዞር ቢል ሳያትም እጇን አውጥታለች።

«አንቺ ደግሞ! እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ኖረሽ የለም እንዴ?»

«ብቻዬን ምን ሊያደርግልኝ?» አለች አፍራ እየሳቀች። «የነገርኩህንም ሁሉ ሰሞኑን ነው ያነበብኩት፤ አንተ ስትመጣ እንዳላፍር ብዬ።»

ጀልባዋ ወደ አንድ ድልድይ ተጠጋች። ማንደፍሮ ትከሻዋን አቅፎ፣ «በይ እንግዲህ፣ የዚህን ድልድይ ስም ንገሪኝ» አላት።