አዲሱ ላፕቶፕ ሳይገባ

መካነ ሰላም ላይ ላፕቶፕ የፈለገ ሰው የሚሄደው አሳምነው ሱቅ ነው። ከመደርደሪያው ላይ አምስት ላፕቶፖች ተደርድረዋል። አምስቱም ከገና በፊት የገቡ ናቸው። አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ያለው አስመጪ አዲሱን ሞዴል ሊልክለት ነው። አዲሱ ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ ይባስ ብሎ ዋጋው ከአሮጌው ያንሳል።

ስለዚህ አሳምነው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአዲሱ ወሬ ሳይሰማ አምስቱን አሮጌዎች መሸጥ። ካልተሸጡ ከገዛበት በታች ሊያወጣቸው ነው፤ የዓመት ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው።

ችግሩ ከተማው ሁሉን ነገር ቀድሞት ማወቁ ነው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ይሄነው ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ልጃቸው ፋና ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስለሆነ ላፕቶፕ ቃል ገብተውላታል። አንዱን አንስተው በግ እንደሚገዛ ሰው ጀርባውን ዳበሱት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ግን አዲሱ እስኪገባ ብጠብቅ ይሻለኛል።»

«የምን አዲስ?» አሳምነው ሳቅ ለማለት ሞከረ።

«ያ ቀለል ያለው ነዋ! ዋጋውም ወረድ ይላል። አብሽር ልጄ፣ በሰላም ያግባልህ።» መርቀውት ወጡ።

እሳቸው ሲወጡ መምህር ወንድማገኘሁ ገባ። መምህሩ በየቀኑ ይመጣል፤ ገዝቶ ግን አያውቅም። ሥራው ትንቢት ነው።

«ሚሞሪው እጥፍ ይሆናል፣ ባትሪው ውሎ ያድራል» አለ ጣቶቹን እያጠፈ። «አሁን የገዛ ሰው ሞኝ ነው።»

ይህን ኢንተርኔት ላይ አንብቦት ይሆናል ብሎ አሳምነው አለፈው። መምህሩ ግን ቀጠለ፤ «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በደሴው አውቶቡስ ይመጣል አይደል?»

ይህንን ኢንተርኔት አያውቀውም።

«ማን ነገረህ?»

«ኧረ አገር የሚያውቀውን!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

አሳምነው ዞር ብሎ ዝናሽን አያት። ዝናሽ የእህቱ ልጅ ናት፤ ከአቀስታ አምጥቶ ሱቅ ያስገባት እሱ ነው። እጇ ንጹሕ፣ አፏ ጣፋጭ፣ ደንበኛ የምታባብልበት መላ የማያልቅባት ልጅ ናት። ሰሞኑን ግን ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣ ትላለች። ትንሾካሾካለች፤ እሱን ስታይ ትዘጋለች። አሳምነው እሷን መጠርጠር አልፈለገም፤ ምክንያቱም ልጅቱን ይወዳታል።

ወጥመድ አዘጋጀ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከብትና ሰማይ ብቻ በሚያዩት ሜዳ ላይ ቆሞ ለአስመጪው ደወለ። ዕቃው በአውቶቡስ ሳይሆን በአይሱዙ እንዲመጣ፣ ቀኑም ከግንቦት ልደታ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። ለዝናሽ አልነገራትም። እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንዳልቀባጥር ብሎ እንኳ ለብቻው ተኛ።

እሑድ ሱቁን ለዝናሽ አደራ ብሎ እንደ ወትሮው ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ለአባ ገብረ ኢየሱስ ለመብራት የምትሆን ነገር ሰጣቸውና በጸሎት እንዲያስቡት ጠየቀ። አባ ጸሎት በደፈናው አይወዱም፤ ነገሩን አጣርተው፣ ዘርዝረው ነው የሚያሳስቡት። የልቡን አጫወታቸው። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ትምህርት ለመስማት ሲቀመጥ እሱ ወደ ሱቁ በረረ፤ የእሑድ ገበያ አይጠብቅም።

ሰኞ አቶ ይሄነው በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን አስገቡ።

«መኪና መቀየርህ ጥሩ ነው! አይሱዙ ይሻላል፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዝናብ ያገኘው ነበር። በሰላም ያግባልህ!»

አሳምነው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ዝናሽ፣ ስልኬን ነክተሻል?»

«እኔ? በእናቴ ሞት አልነካሁም፣ ጋሼ!»

«ታዲያ ጓሮ ገብተሽ ከማን ጋር ነው የምትንሾካሾኪው?»

ዝናሽ ቀላች፤ መሬት መሬት አየች። «ከ... ከአንድ ልጅ ጋር። ማሻ ከተማ ነው የሚሠራው። ስለ ላፕቶፕ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።»

ይህን መልስ አሳምነው አልዋጠውም። እስከ እሑድ እውነቱን ካልተናገረች ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ አቀስታ እንደምትገባ ነገራት። ልጅቱ አለቀሰች፤ እሱም መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓዳ ገባና ዓይኑን ጠረገ።

እሑድ ደረሰ። አሳምነው ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አባን ደጀ ሰላሙ ጋ አገኛቸው።

«አባ፣ ዛሬስ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ምስጢሬን የሚያወጣብኝን ሰው እግዚአብሔር ይግለጥልኝ።»

«ፊት ከነገርኸኝ ላይ ልጨምረው?»

«ይጨምሩልኝ፣ አባ። ዛሬውኑ ቢሆንልኝ።»

አባ በትዕግሥት ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእምነት ከለመንህ ዛሬውኑ ይሆናል።»

ቅዳሴው አለቀ። ሱቁ ዝግ ስለሆነ የሚያስሮጠው ነገር አልነበረም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ከሕዝቡ ጋር ተቀመጠ። ከፊቱ አቶ ይሄነውና መምህር ወንድማገኘሁ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ትምህርቱን ልቡ ተነክቶ ሰማ። ዝናሽን ቢምራትስ? እያለ ማሰብ ጀመረ። ትምህርቱ ሲያበቃ አባ ገብረ ኢየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ወንድማችን ባለ ላፕቶፑ አሳምነው እንደ ሁልጊዜው ለመብራት ሰጥቷል» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ «አዲሱ በርካሽ ከመግባቱ በፊት አምስቱ አሮጌዎች እንዲሸጡለት፣ አይሱዙውም ከልደታ በኋላ በሰላም እንዲደርስለት፣ ዛሬ ደግሞ ምስጢሩን የሚያወጣበትን ሰው እግዚአብሔር እንዲገልጥለት፣ አንድ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት።»