የሆቴሉ አንበሳ

የሆቴሉ አንበሳ ከረሃብ ብዛት መነሣት አቃተው። እንግዶች አብረውት ፎቶ መነሣት ስለተዉ ባለቤቱ ሥጋ ማስገዛት አቁሟል። ጠባቂው ባንቴ፣ «ጌታዬ፣ አንበሳ እኮ የአገር ምልክት ነው፤ እንዴት በረሃብ ይሙት?» እያለ ቢለምን የሚሰማው አጣ።

ቢጨንቀው ያለችውን አንዲት ላም አርዶ ሥጋዋን አበላው። ሚስቱ፣ «ልጆችህስ ምን ይጠጡ?» ብላ አለቀሰች። ውሎ አድሮ አንበሳው በእግሩ ቆመ፤ ጎፈሩም አማረ።

አንድ ጠዋት ባለቤቱ ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር መጣና በደስታ የባንቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አበጀህ! ያን ጊዜ እንደከሳ ቢሞት ቆዳው ለምንም አይሆንም ነበር። አሁን ጭድ ሞልተን በር ላይ እናቆመዋለን። በል ጥራው፤ ያንተን ድምፅ ሲሰማ ይመጣል።»