እሳቸው

አምባቸው በአዲሱ ጀልባ አፍንጫ ላይ የመጨረሻዋን ፊደል ቀብቶ ሳይጨርስ ጥቁሩ መኪና መጥቶ ከዋርካው ሥር ቆመ። መስታወቱ ጨለማ ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው አይታይም። እንደ ወትሮው መልእክተኛው አስናቀ ብቻ ወረደ። የሐይቁን ዳር ጭቃ በተወለወለ ጫማው እየተጸየፈ ቀረበ።

«ዛሬስ ወሰንህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ይኼንም ሥራ ትለዋለህ?»

አምባቸው ብሩሹን ከቀለሙ ነከረ። ባሕር ዳር ከገባ ጀምሮ የእንጨት ጀልባ ሲሠራ ነው የኖረው። ጣውላውን በጥፍሩ መታ መታ እያደረገ፣ ድምፁን ሰምቶ ይመርጣል። የጨረሰው ጀልባ ጣና ላይ ሲወርድ፣ አንዴ ወዝወዝ ብሎ ሲረጋ፣ ያን ቀን ምሳ መብላቱንም ይረሳል። ገንዘቡ ግን ከወር ወር አያደርስም።

አስናቀ ይዞለት የመጣው ሥራ ሌላ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚከፈተው ሎጅ የንብረት ኃላፊ መሆን፤ ደመወዙ አሁን ከሚያገኘው ሦስት እጥፍ፤ የመጋዘኑም የቢሮውም ቁልፍ በእጁ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን አስናቀ አይናገርም። «እሳቸው» ይላል እንጂ። እሳቸው ከሌላ ሰው ጋር አልሠራም ብለዋል። እሳቸው እግራቸውን ስለሚያማቸው አይወርዱም።

«ስም የላቸውም?» ብሎ ጠይቆት ነበር ባለፈው።

«አስምለውኛል። ‹ስሜን ሰምቶ እንዳይሸሸኝ፤ ሥራውን ሲይዝ እኔው እነግረዋለሁ› ነው ያሉኝ።»

ስማቸው ሲጠራ የሚያሸሽ አንድ ሰው ብቻ ነው አምባቸው የሚያውቀው። የአባቱ ወንድም፣ አቶ አዘዘ።

ይፋግ ላይ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ማሳደግ ከተባለ። አባቱ ቀድሞ ሞቷል። እናቱ ቤሩት ላይ ሞተች ተብሎ በተለቀሰ በሳምንቱ የሩዝ ማሳዋ በአቶ አዘዘ ስም ዞረ፤ እሱም መደቡን ለቅቆ ከከብቶቹ ጋር ማደር ጀመረ። ግራኝ ነበር። አቶ አዘዘ ግራ እጁን በጠፍር ከወገቡ ጋር አስረው በቀኙ አሳጨዱት። አንድ ቀን አፉን አዳልጦት «አንተ» ቢላቸው ጀርባውን በአለንጋ ገሸለጡት። ከዚያ ወዲህ አንቱታ አጥንቱ ውስጥ ገባ። ሸሽቶ ባሕር ዳር ከገባ በኋላም፣ ብቻውን ሆኖ ሲረግማቸው እንኳ «እሳቸው» ከማለት በቀር አፉ እምቢ አለው። ኋላ ላይ ከብረዋል ሲባል ሰማ።

ሚስቱ ሰገነት ይህን ሁሉ ታውቃለች። የዛሬ ጠዋት ግን አልማረችውም።

«ቢሆኑስ ምናለ? የበሉህን ይመልሱልህ!»

«የእሳቸውን እንጀራ ከምበላ ሬንጅ ብልስ ይሻለኛል።»

«አንተ ላስ። እኔ ፋብሪካ ቆሜ እየዋልሁ እግሬ አብጧል። አከራዩ ውጡልኝ ካለን ስንት ጊዜው ነው? ከግሽ አባይ ሰፈር ወጥተን የት ልንገባ ነው፣ ጀልባህ ውስጥ? መዶሻህን አግብተህ ቢሆን ኖሮ እኔም ባረፍሁ!»

በሩን በላዩ ወርውራ ሄደች። ሐይቁ ዳር ሲደርስ ይህ የመጨረሻው ጀልባዬ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ለዚህ ነው ስም ሊጽፍበት ቀለም የበጠበጠው።

አስናቀ ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን አነበበ።

«የብርጓል» አለ እየሳቀ። «አሁን ደግሞ ለጣውላ ክርስትና ታነሣ ጀመር?»

«የእናቴ ስም ነው። ነፍሷን ይማር።»

አስናቀ ሳቁን ዋጠው። አምባቸው ለሙት ማክበሩ መሰለው፤ ጥቂት ንዴቱ በረደ። የሰገነት እግር ትዝ አለው። ብሩሹን ጣሳው አፍ ላይ ጠረገና ሊናገር ጉሮሮውን ጠራረገ። እሺ፣ ልሞክረው፣ ሊል ነው።

አስናቀ ቀደመው።

«አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብለውኛል። ‹ዛሬም በግራ እጁ ነው የሚሠራ?›»

ብሩሹ በአምባቸው ግራ እጅ ላይ ቆመ። አንጓው ላይ ያለው የጠፍር ጠባሳ በላው።

«እንዲህ አሉ?»

«እንዲህ አሉ። ፈገግ ብለው።»

«ፈገግ ብለው።»

«አዎ። ምን አለበት?»

አምባቸው ብሩሹን ጣለና መዶሻውን አነሣ። አስናቀ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ሂድና ንገራቸው። አዎ፣ በግራ እጄ ነው የምሠራ። በዚህ እጅ ግን ቁልፋቸውን አልነካም። ሲቀበሩም አፈር አልመልስበትም። ለእኔ ድሮ ነው የሞቱ በላቸው።»

«ኧረ ተው፣ አምባቸው! እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አድርጌ እነግራለሁ? እዚያው ናቸው እኮ፤ ራስህ ቅረብና—»

«ዓይናቸውን ካየሁ እገላቸዋለሁ። ያልሁህን ቃል በቃል ንገር። ሂድ ከዚህ!»

አስናቀ ጭቃውን ሳይመርጥ ሄደ። ከዋርካው ሥር የመኪናው መስታወት ዝቅ አለ። አምባቸው ያን ፊት ላለማየት ጀርባውን ሰጠ፤ ከጣውላው ያልገባ ምስማር ፈልጎ ይቀጠቅጥ ጀመር። በግራ እጁ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ። ነፃ የወጣ መሰለው። ከመዶሻው ጩኸት በቀር የሚሰማው ነገር አልነበረም።

አስናቀ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እምቢ ብሏል፣ እትዬ የብርጓል» አለ።