ሁለት ጂፒኤስ፣ አንድ አጥር

ልጅቷ ለአራተኛ ጊዜ አጥሬን ታክካ አለፈች። ብስክሌቷ መሪ ላይ ሁለት ትንንሽ ማሽን አስራለች፤ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች፣ መልሳ ትዞራለች። እንዲህ ያለውን ማሽን አውቀዋለሁ። መሬት የሚለኩት ሰዎች አምና ታች መንደር ይዘውት መጥተው የስንቱን ጓሮ ቆርጠው ሄደዋል።

እንጨት ስፈልጥ ነበር፤ መጥረቢያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። "ማነው የላከሽ?"

ፍሬን ያዘች። "እንደምን ዋሉ አባባ። ማንም አልላከኝም። ብርቱካን እባላለሁ፣ ወልቂጤ የብስክሌት ክለብ አለን።"

"ወልቂጤ መንገድ አለቀ?"

ሰላምታዋን አልመለስኩም። ሰላምታ ለእንግዳ ነው፣ ለመሬት ለኪ አይደለም።

ደግሞ ከጀፎረው ላይ ዞር በይ ልላት አልችልም። ይህ ሰፊ የሣር መንገድ የማንም አይደለም፣ የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ለቅሶውም ሠርጉም እዚሁ ነው። ከእሱ ስንዝር የቆረሰ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። እኔ የቆረስኩት አሥራ አምስት እርምጃ ነው። የዛሬ አራት ዓመት በክረምት አጥሬ ወደቀ፤ ሳቆመው ወደ ውጭ ገፋ አደረግኩት፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ገፋ፣ ውስጡን እንሰት ተከልኩበት። ማን አየኝ? ጎረቤቶቼ አዲስ አበባ ንግድ ላይ ናቸው፤ ለአረፋ ወይ ለመስቀል ካልሆነ ቤታቸው ዝግ ነው። ያየም ቢኖር ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ትቶኛል።

"አንዱን ልገዛ ነው" አለች ማሽኖቹን እያሳየችኝ። "ጂፒኤስ ነው፣ መንገድ ይመራል። ሻጩ ሁለቱንም ለሙከራ ሰጥቶኛል፤ ዛሬ አንዱን እመልሳለሁ።"

"መንገዱ ይኸው ፊትሽ አይደል?"

"ጉም ሲወርድ አይታየኝም። እሁድ አሥራ ስምንት ልጆች ይዤ ወደ ወንዙ በሚወርደው ገደል አፋፍ ነው የምሄደው። ባለፈው የስልክ ካርታ አምነን ሄደን ግሩም የሚባል ልጃችን ገደል ገባ። ነፍሱ ተርፋለች፤ እግሩ ግን ዛሬም ድረስ በብረት ነው።"

"ዓይኑን ትቶ ማሽን የሚያይማ ምን ያድርግ" አልኳት። እንድትሄድልኝ ነበር።

አልሄደችም። ይባስ ብላ ብስክሌቷን ወደ እኔ ጎንበስ አድርጋ የማሽኑን መስታወት አሳየችኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነው አለች። ጎጆዬን አየሁት፣ እንደ ምጣድ ክዳን ክብ ሆኖ። ጓሮዬን አየሁት። አጥሬንም አየሁት፤ የድሮው ቦታው ላይ ቆሟል።

"ይህቺ ነጥብ እኔ ነኝ። ጥቁሩ ማሽን አጥሩ ሥር ነሽ ይለኛል። ቀዩ ደግሞ ከአጥሩ ርቀሽ ሣሩ ላይ ነሽ ይለኛል። እኔ ይኸው አጥሩን በክርኔ እየነካሁ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ልክ ነው ማለት ነው፣ አጥሩ ከቦታው ካልተነሳ። ተነስቶ ያውቃል አባባ?"

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

"አያቴ ያቆመው አጥር ነው" አልኳት። "ቀዩ ዋሾ ነው፣ መልሺለት።"

"እርግጠኛ ነዎት? ገደሉ ላይ አሥር እርምጃ ከሳተ አለቀልን።"

"በዚህ ሽበት ይዋሻል ነው የምትዪኝ?" ወላሂ ግን አላልኩም። እሱን ያህል አልደፈርኩም።

አፈረች። ይቅርታ ጠይቃኝ ቀዩን መፍታት ጀመረች። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

"ተይው፣ አትፍቺው።"

ሚስቴ ሰልሚያ ናት። እንሰት ስትፍቅ ቆይታ እጇን እንኳ ሳትታጠብ አጥሩ ውስጥ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ።

"ግቢ" አልኳት። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ይህን ቃል ሁለቴ ብያት አላውቅም። አሁን ሁለቴ አልኳት። አልገባችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ በእንሰቱ መሀል ሄደች፤ ለጋዎቹን አልፋ ትልልቆቹ የሚጀምሩበት ስትደርስ ቆመች።

"ብስክሌትሽን ይዘሽ ነይ ልጄ።"

ልጅቷ እኔን አየች፣ መጥረቢያውን አየች። ከዚያ ብስክሌቷን በበሩ አስገብታ ሰልሚያ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

"አጥሩ እዚህ ነበር" አለች ሰልሚያ። "ከዚህ ወዲያ ያለው እንሰት አማቴ የተከሉት ነው፣ ተመልከቺ ውፍረቱን። ከዚህ ወዲህ ያለው ገና አራት ዓመቱ ነው።"

ልጅቷ ማሽኖቹን አየች። "ቀዩ አጥሩ ሥር ነሽ አለኝ" አለች ቀስ ብላ። "ጥቁሩ ጎጆው ውስጥ አስገባኝ።"

ሰልሚያ ወደ እኔ ዞረች። "የሰው ልጅ ገደል ልትከት ነበር" አለችኝ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ጠላኋት። እውነቷን ስለሆነ ይበልጥ ጠላኋት።

ልጅቷ ጥቁሩን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቀዩን በጣቷ መነካካት ጀመረች።

"ደግሞ ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"ምልክት እያስቀመጥኩ ነው። ድሮ አጥሩ የነበረበትን። ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይሳሳት ለልጆቹም ሁሉ እልከዋለሁ።" ቀና ብላ ሰልሚያን አየቻት። "ምን ብዬ ልሰይመው?"

ሰልሚያ ነገረቻት። ልጅቷ ጽፋ ስትጨርስ በእንሰቱ መሀል ብስክሌቷን እየገፋች መጣችና ማሽኑን ፊቴ አደረገችው።

ማንበብ አልችልም። ስሜን ግን ሳየው አውቀዋለሁ።