ብለምንም እንዳትሰሙኝ

ባልየው የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነበር። ከጀማሪ ጎን መቀመጥ ለምዷል፤ ባይለምድስ ምን ያስፈራዋል፣ በእሱም እግር ሥር ፍሬን አለ። ሚስቱ ስታረግዝ ያስጨነቀው ይኸው ነው፤ በዚህኛው ጉዞ ለእሱ የተገጠመ ፍሬን የለም።

ስለዚህ ማንበብ ጀመረ። ስለ አተነፋፈስ፣ ስለ ወገብ ማሸት፣ ስለ ሞቀ ውሃ ያነበበውን ሁሉ እራት ላይ ይተርክላታል። እሷ ደግሞ መጋረጃ ሰፊ ከመሆኗ በፊት ለዓመታት የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነበረች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። አንድም ቀን ግን አላሳቀቀችውም፤ የሚለውን ሁሉ እንደ አዲስ ነገር ትሰማዋለች። የሆስፒታሉን ሥራ የተወችው ሽታው ሰልችቷት እንደሆነ ነግራዋለች፤ እሱም የሆስፒታል ሽታ የማይወድ ሰው ስለሆነ ሌላ አልጠየቀም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቀኗ ሲደርስ እንዴት መውለድ እንደምትፈልግ ወረቀት ላይ ለማስፈር ተቀመጡ። ጽፋችሁ አምጡ ያለቻቸው እርግዝናዋን የምትከታተለው አዋላጅ ናት። የሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ያለው እሱ ስለሆነ እሷ እየተናገረች እሱ ጻፈ። መብራቱ ይቀነስ። እንደ ልቤ ልራመድ። ጀርባዬ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ይፍሰስልኝ። ምጡ በራሱ ጊዜ ይምጣ፣ ማንም አያጣድፈው። ለሕፃኑ የሚያሰጋ ነገር ካልመጣ በቀር ምላጭ አይንካኝ። እስከዚህ ድረስ እየተሳሳቁ ነበር።

«አሁን ደግሞ» አለችው፣ «የሕመም ማስታገሻ መርፌ አይሰጠኝ በል። ብለምንም አይሰጠኝ።»

እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳ። «ብትለምኚም?»

«ብለምንም እንዳትሰሙኝ። በተለይ አንተ።»

ጻፈው። አስምርበት አለችው፣ አሰመረበት። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ግን ያወቀ መሰለው። ሚስቱ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ወንድ የማይገባበት ስብሰባ አላት። እዚያ የተዋወቀቻት፣ እሱ በሆዱ «ሊቀመንበሯ» የሚላት ጠና ያለች ሴትዮ በየቀኑ ትደውላለች። ስልኩ ሲጠራ ሚስቱ መኝታ ቤት ገብታ በሹክሹክታ ታወራለች። በተፈጥሮ፣ ያለ መድኃኒት የሚለውን ስብከት የምትግታት ይህች ሴት ናት አለ። ባለፈው ዓመት ሚስቱ መንጋጋዋን ያለ ማደንዘዣ ስታስነቅል ጀግንነቷን ለጓደኞቹ ሁሉ አውርቶ ነበር። አሁን ሲያስበው ያ ነገር አላማረውም።

ምጡ ማለዳ ጀመራት። ሆስፒታል ሲደርሱ አዋላጇ ወረቀቱን አንብባ ራስጌዋ ለጠፈችው። እስከ ረፋዱ ድረስ ሁሉም እንደተጻፈው ሄደ፤ ተራመደች፣ ውሃው ሥር ቆመች፣ እሱም ክንዱ እስኪዝል ወገቧን አሸ። ከቀትር በኋላ ግን ምጡ ጠናባት። ጥርሷን ነክሳ የቆየችው ሴት መጮህ ጀመረች፤ ቀጥሎ ጩኸቱም ደከማትና መለመን ጀመረች።

መጀመሪያ አዋላጇን ለመነች። መርፌውን በስሙ ጠርታ፣ መጠኑን ሳትሳሳት ነገረቻት። የሙያ ነገር አይረሳም አለች አዋላጇ ፈገግ ብላ። ከዚያ ሚስትየው ወደ ባሏ ዞረች።

«የኔ ጌታ፣ ንገራት። በእናትህ ንገራት።»

ባልየው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ወረቀቱን አየ፤ የራሱ ጽሕፈት ነው። እሷን አየ፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዋላጇ ቀረብ ብላ ሕፃኑ ደህና እንደሆነ፣ መውለጃዋ ግን ገና እንደሆነ፣ መርፌውንም ብዙ እናቶች እንደሚወስዱት ነገረችው።

«ይህን ያስጻፈችው ሳያማት ነው» አለችው። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

በዚያች ደቂቃ ሊቀመንበሯን ከልቡ ጠላት። ቤቷ ተመችቷት ተቀምጣ የሰው ሚስት ታሰቃያለች። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

«ይስጧት፣ ሲስተር» አለ። ራስጌ የተለጠፈውን ወረቀትም ገንጥሎ ኪሱ ከተተው።

መርፌውን ወጓት። ጥቂት ቆይቶ ፊቷ ተፈታ። ከተጋቡ ወዲህ እንዲህ ያለ እረፍት ፊቷ ላይ አይቶ አያውቅም። ዓይኖቿን ከድና «ረስቼው ነበር» አለች። ጤና መሆንን ነው የረሳችው ብሎ ፀጉሯን ዳበሳት። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር የሠራ መስሎት ደስ አለው።

ልጅቷ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተወለደች፤ ጤነኛ ናት፣ ጩኸታም ናት። አባትየው አለቀሰ። ሚስቱ ልጇን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች፣ አዋላጇ መቼ ተመልሳ እንደምትመጣ ጠየቀችው። ቆይታ ደግማ ጠየቀችው። ወዳታለች ማለት ነው ብሎ አሰበ።

ከሐሙስ ስብሰባ አንዲት ሴትዮ መጥታለች ሲሉት ሊቀመንበሯ እንደሆነች ገባው፤ ሊገጥማት ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ያሰናዳው ንግግር ረጅም ነበር፤ ሴትዮዋ ቁና ቁና እየተነፈሰች ስትመጣ ሲያይ ግን አጠረበት።

«ያ ያስጻፉን ወረቀት አልሆነም» አላት። «ለመነችኝ፣ አልቻልኩም። መርፌውን ያሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ከሆነ የኔ ነው።»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ወረቀቱን እኔ አላስጻፍኩም ብላም አልተከራከረችም። አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እሱንም እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ሐሙስ ሐሙስ የምንሰበሰበው እኮ የዚያ መርፌ ሱስ የነበረብን ሴቶች ነን።»